የጨዋታው ነዳጅና የእናንተ ማገዶ



ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ አራት የክፍል ጓደኞች ነን። ብዕሩን የያዘው አንዳችን ነው፤ ሐሳቡ ግን የአራታችንም ነው። ሁላችንም የተወለድነው እዚህ እስራኤል ውስጥ ሲሆን ዕድሜያችን አሥራ ስድስት ዓመት ነው። ትምህርታችን ሁሉ በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛችን እንደ እናንተ አይደለም። አንዳንዱን ቃል ከአያቶቻችን ጠይቀን ነው የጻፍነው። ስለዚህ ስህተት ብታገኙ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ልንጽፍ የፈለግነው ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ይህን ስታነቡ «ደግሞ ስለዚህ ነገር!» እንደምትሉ እናውቃለን። በየቤታችን የምንሰማው ቃል አንድ ዓይነት ነው፦ «ዓይናችሁ ይጠፋል፣ ጊዜያችሁ በከንቱ ያልቃል፣ ለባግሩት አታጠኑም።» ይህ አነጋገር ውሸት ነው አንልም። ብዙ ሰዓት እንደምናባክን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ከመፍረዳችሁ በፊት በጨዋታው ውስጥ የምንሠራውን እንድትሰሙን እንለምናችኋለን። ምክንያቱም የምንሠራው ሥራ እናንተ በአገራችሁ ስትሠሩት የኖራችሁትን ይመስላል። እኛም ይህን ያወቅነው በአጋጣሚ ነው።

ጨዋታው አርክ ይባላል። ለሕዝብ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ነው፤ ተሠርቶ ያለቀው በ2017፣ እንደገና ታድሶ የወጣው ደግሞ በ2023 ነው። ሰውየው ምንም ሳይኖረው በአንድ ደሴት ዳርቻ ላይ ይነቃል። በደሴቱ ላይ ዳይኖሰሮች አሉ፤ እነዚህ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር የጠፉ ትላልቅ እንስሳት ናቸው። ሰውየው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይበርደዋል። በመጀመሪያ ድንጋይና እንጨት ይለቅማል፣ እሳት ያነዳል፣ ጎጆ ይሠራል። ቀስ በቀስ እንስሳትን ያላምዳል፣ ብረት ያቀልጣል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ብዙ አይራመድም። ስለዚህ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ነገድ ይመሠርታሉ። እኛም አራታችን አንድ ነገድ ነን።

በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረን ነገር ነዳጅ ነው። ቤታችን ካደገ በኋላ ጄኔሬተር ያስፈልገናል። ጄኔሬተሩ ከቆመ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ሥጋውም ይበላሻል። ቤቱን የሚጠብቁት መሣሪያዎችም ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ሌላ ነገድ መጥቶ ሁሉን ይዘርፋል። ጄኔሬተሩ የሚሠራው በቤንዚን ነው። ቤንዚን ለማግኘት 6 ድፍድፍ ነዳጅና 5 ቆዳ ወደ ማቅለጫው ምድጃ እንጨምራለን፤ ከዚያ 5 ቤንዚን ይወጣል። ቆዳ በቀላሉ ይገኛል። ድፍድፉ ግን እንደ ድንጋይና እንጨት በየሜዳው የሚገኝ አይደለም። አብዛኛው ከጥልቅ ባሕር በታች በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው፤ ጥቂቱ ደግሞ በረዶ ባለበት አገር በባሕሩ ዳር ይገኛል። በባሕሩ ውስጥ ትላልቅ ሻርኮችና የሚያደነዝዙ ጄሊፊሾች አሉ። ትንፋሽም ያልቃል። ድፍድፉን ቆፍረን ብናወጣውም ሸክሙ ገደብ አለው። ከአቅም በላይ የተሸከመ ሰው ካለበት ቦታ አንድ እርምጃ አይንቀሳቀስም።

ይህን መከራ ለማቅለል ሌላ መንገድ አገኘን። በዋሻ ውስጥ እበት የሚያንከባልል ትልቅ ጥንዚዛ አለ። እበት እየሰጠን አላመድነውና ወደ ቤት አመጣነው። ጥንዚዛው እበት ሲሰጠው ሁለት ነገር ያወጣል፦ ለእርሻ የሚሆን ማዳበሪያና ድፍድፍ ነዳጅ። ስለዚህ ከእንስሳቱ በረት እበት እየለቀምን ለጥንዚዛው ማቅረብ ጀመርን።

አንድ ቀን አራታችን ከአንዳችን ቤት ተሰብስበን ስንጫወት የጓደኛችን አያት ከኋላችን ቆመው ያዩን ነበር።

«ልጆቼ፣ ምንድን ነው የምትለቅሙት?» አሉን።

«እበት ነው፣ አያቴ» አላቸው ጓደኛችን።

«እበት? ወለል ላይ የወደቀ ወረቀት የማታነሱት እናንተ?» ብለው ሳቁ። «ለምን ይሆናችኋል?»

«ለነዳጅ።»

ሳቃቸውን አቆሙና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ታዲያ ይኸማ የእኛ ሥራ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነገሩንን ከዚያ በፊት ማናችንም ሰምተን አናውቅም ነበር። በጎንደር ገጠር እበቱ በማለዳ ሳይደርቅ ይለቀማል። ከገለባ ጋር በእጅ ይለወሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ኩበት ይባላል። ክረምት ሳይገባ ተከምሮ መቀመጥ አለበት። ዝናብ ካገኘው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። እንጨቱም እንዲሁ ነው። እርሳቸው ልጅ ሳሉ ጭራሮ ከቤታቸው ጀርባ ይለቀም ነበር። ባል አግብተው ልጅ ሲወልዱ ግን እንጨት ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር። የተሸከሙበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩን፤ ወገባቸው እስከ ዛሬ ያማቸዋል።

ባለቤታቸው ብረት ሠሪ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ለብረት ደግሞ ተራ እንጨት አይበቃም፣ ከሰል ያስፈልጋል። ወናፉን የሚነፉት እርሳቸው ነበሩ። በእኛም ጨዋታ እንጨት በምድጃው ውስጥ ሲነድ ከሰል ይሆናል፣ ብረቱም በዚያው ይቀልጣል። ይህን ስናሳያቸው «አየህ፣ ምድጃውስ ልክ ነው፤ ወናፉን ማን ይነፋል?» ብለው ጠየቁን። በጨዋታው ማንም አይነፋም። መልስ አልነበረንም።

ስለ ጥንዚዛውም አንድ ነገር አሉን። «ይህ ጥንዚዛ ከእኛ ይበልጣል። እኛ እበቱን ካነደድነው እርሻው ይራባል፤ ለእርሻው ከሰጠነው ምድጃው ይራባል። እርሱ ለሁለቱም ይሰጣል» አሉ። እኛ በትምህርት ቤት ስለ አፈር መራቆት ተምረናል። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት እናት እጅ ላይ፣ ምርጫው እንዴት እንደሚከብድ የተረዳነው ያን ቀን ነው። የማገዶ ችግር የገጠር ብቻ እንዳልነበረም ቆይተን ተማርን። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ስላጠራት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ በዙሪያዋ ተተክሏል። አንድ ዋና ከተማ እንኳ በእንጨት እጥረት ሊቸገር ይችላል ማለት ነው።

እኛ ያደግነው ቁልፍ ሲጫን እሳት በሚበራበት ቤት ነው። እሳት ዋጋ እንዳለው አናውቅም ነበር። አያቲቱ እንደነገሩን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳቦውም ወጡም ተሠርቶ እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ በሰንበት እሳት አይነድም። ስለዚህ የሳምንቱ ማገዶ ለዓርብ እንዲተርፍ ከእሑድ ጀምሮ ይቆጠር ነበር። እኛም ጄኔሬተሩ እንዳይቆም ቤንዚኑን እንቆጥራለን። በዚህ ምክንያት ነው ነገሩ የገባን።

አሁን ግን እውነቱን ሁሉ መናገር አለብን፤ ራሳችንን ብቻ ማመስገን አንፈልግም።

ከዚያ በኋላ በአንድ ዓርብ ቀን በዚያው ቤት እንጫወት ነበር። ከእኛ አንዱ ድፍድፍ ጭኖ ከባሕር ከወጣ በኋላ ከብዶት ዳርቻው ላይ ቆመ። «እርዱኝ! መንቀሳቀስ አልቻልኩም!» ብሎ ጮኸ። ሦስታችን ሥራችንን ትተን ወደ እርሱ ሮጥን። በዚያው ሰዓት የጓደኛችን እናት ከገበያ ተመልሰው ከታች ደወሉ፤ «ልጆች፣ ዕቃ አለኝና ውረዱ» አሉ። እኛም «አንድ ደቂቃ፣ ነዳጅ እያመጣን ነው» ብለን መለስን። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። እናታችን አራት ፎቅ ብቻቸውን ተሸክመው ወጡ። በሩን ሲከፍቱ የፌስታሉ ማንጠልጠያ ጣቶቻቸውን አቅልቶት ነበር። ምንም አላሉንም። አያቲቱ ግን ከተቀመጡበት ሆነው «ለዚያኛው ሸክም ሦስት ሰው ሮጠ። ለዚህኛው ማን ወረደ?» አሉ።

ማናችንም ቀና ብለን አላየናቸውም።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ጨዋታው እጥረት ምን እንደሆነ አሳይቶናል። ነዳጅ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚቆጠብ፣ ሰው ብቻውን ለምን እንደማይበቃ አስተምሮናል። ሸክምን ግን ሊያስተምረን አይችልም። በጨዋታው የሞተ ሰው ተመልሶ ይነሣል፤ የከበደው ሰው ጥቂቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ወገብ አያምም። ያንን ልታስተምሩን የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ ጨዋታውን መከልከል ብቻ መፍትሔ አይመስለንም። እንዲያው ብንተወው አያቲቱን ማን ይጠይቃቸው ነበር? እንዲሁ ሲለቁንም መፍትሔ አይደለም፤ ዓርብ ዕለት የሆነውን አይታችኋል።

ከእናንተ ሦስት ነገር እንለምናለን። መጀመሪያ፣ «ዝጋው» ከማለታችሁ በፊት «ምን እየሠራህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከጎናችን ተቀመጡ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም እሳት፣ ውኃ፣ ከብትና እርሻ ለእናንተ እንግዳ አይደሉም። ሦስተኛ፣ ያያችሁት ነገር ያስታወሳችሁን ንገሩን። «ስለ ኢትዮጵያ ንገሩን» ብለን ስንጠይቃችሁ ብዙ ጊዜ «ምን ልንገርህ?» ትሉናላችሁ። እኛም ምን እንደምንጠይቅ አናውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ኩበት ሁለት ሰዓት አናገረን።

እኛም ቃል እንገባለን። «አሁን ማቆም አይቻልም» ስንላችሁ አልዋሸናችሁም፤ ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚደረግ ጨዋታ ጠብቅ ቢሉት አይጠብቅም። ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። ሳንደርስለት ቢዘረፍ የሚዘረፈው ሥዕል ነው። ስለዚህ ስትጠሩን በመጀመሪያው ጥሪ እንነሣለን። ዓርብ ከቀትር በኋላ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ይህን አራታችን ተስማምተንበታል። ካሁን በፊት ሦስት ዓርብ ጠብቀነዋል፣ አንዱን ግን አፍርሰናል። ያፈረስነውንም ለአያቲቱ ነግረናቸዋል።

አንዳንዶቻችሁ «ልጆቹ ለመጫወት ፈቃድ እየፈለጉ ነው» ትሉ ይሆናል። ትንሽ እውነት አለው። ቢሆንም አያቶቻችን ከእኛ ጋር ለዘለዓለም አይቀመጡም። ወናፍ ማን እንደነፋ፣ ኩበት እንዴት እንደሚጠፈጠፍ፣ የዓርብ ማገዶ እንዴት እንደሚቆጠር ካልጠየቅናቸው ከእነርሱ ጋር ይሄዳል። እኛ ለመጠየቅ ዝግጁ ነን። እናንተም ወንበራችሁን ሳቡና ከጎናችን ተቀመጡ።