ቆላ ከመውረዳችን በፊት



ደብረ ብርሃን ላይ አስም ያለበት ተማሪ ሁለት ምክር አያጣም። አንዱ «ይሄ ብርድ አይስማማህም፤ ዩኒቨርሲቲ ቀይርና ቆላ ውረድ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከስልክ የሚመጣው ነው፦ «ውጭ አገር አዲስ መርፌ ወጥቷል፤ በወር አንዴ ተወግተህ ትገላገላለህ።» ሁለቱንም የሚሉኝ ሰዎች ወድደውኝ ነው፤ አላህ ኸይራቸውን ይክፈላቸው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል የሚዘለል ነገር አለ። እሱም ጠዋትና ማታ በየቀኑ የሚወሰደው፣ ዋጋው ከአዲሱ መርፌ ጋር ጨርሶ የማይነጻጸረው ተራ የመከላከያ ፓፍ ነው። ይህን መድኃኒት በአግባቡ ወስደን ሳናይ፣ የምንተኛበትንና የምንሰግድበትን ቤት ከጭስ ሳናጸዳ፣ ስለ አየር ለውጥም ሆነ ስለ መርፌ መወሰን የለብንም የሚል አቋም አለኝ። እናቴ በዚህ አትስማማም። ከዓመት ዓመት «ተመለስ» እንዳለች ነው።

በአየሩ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በጣርማበር ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ይዘን፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ይወርዳል፤ ግፊቱም 86 በመቶ አካባቢ ይሆናል (ቀመሩን የረሳ የኔ ክፍል ልጅ ካለ ይጠይቀኝ)። ስለዚህ የታመመ ሰው እዚያ ወርዶ «ቀለል አለኝ» ቢል አልዋሸም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለሱብሒ የወጣ ሰው የሚስበው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የመተንፈሻ ቧንቧን እርጥበትና ሙቀት ይወስድበታል፤ አስም ያለበት ሰው ቧንቧ ደግሞ ያን ጊዜ ይኮማተራል። ብርዱ ያስነሳብናል፤ ይህን አልክድም።

ግን የኔዘርላንድስ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ከባድ አስም ያለባቸውን ታማሚዎች ወዴት እንደላኩ ታውቃላችሁ? ወደ ላይ! ስዊዘርላንድ ውስጥ 1,560 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው የዳቮስ ከተማ የራሳቸው የአስም ማዕከል ነበራቸው። በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ፣ የብዙ ሰዎችን አስም የሚቀሰቅሱ ጥቃቅን ነፍሳት በደረቁ የተራራ አየር በደንብ መራባት አይችሉም። እነሱ ከሜዳ ወደ ተራራ ይሸሻሉ፤ እኛን ከተራራ ወደ ሜዳ ውረዱ ይሉናል። አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሰው አስም የሚነሳበት ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው። የራሱን ሳያውቅ አገር የሚቀይር ሰው ዕጣ እያወጣ ነው።

ፊንላንድን ደግሞ ተመልከቱ። ከደብረ ብርሃን እጅግ የምትብስ ቀዝቃዛ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 አገር አቀፍ የአስም ፕሮግራም ጀመሩ። ሕዝቡን ወደ ሙቅ አገር አላጋዙም፤ በሽታውን ቶሎ መለየትን፣ የመከላከያውን ፓፍ ገና ከጅምሩ መስጠትን፣ ነርሶችንና ፋርማሲዎችን ማሠልጠንን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአስም ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ የሚያልፈው ቀን ሲደመር 110,000 ነበር፤ በ2003 ወደ 51,000 ወረደ። ብርዱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሕክምናው ነው።

ቆላም ቢሆን የራሱ ዕዳ አለው። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ የነጋዴ ሙስሊሞች ከተማ፣ ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እዚያ የከረመው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ንዳድ እየተመላለሰ አሠቃይቶታል። ደገኛ ቆላን ሲፈራ የኖረው በከንቱ አይደለም፤ ወባው ዛሬም አለ። ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ወባ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

በሃይማኖታችንም አየር መለወጥ ነውር የለውም። ከዑረይና ጎሣ የመጡ ሰዎች የመዲና አየር አልስማማቸው ባለ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከከተማው ውጭ ወደ ግመሎቹ እንዲሄዱ ማዘዛቸው በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ነገር ግን ሙሃጂሮቹ መዲና ሲገቡ አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በንዳድ ወድቀው ነበር። እነሱን ወደ መካ አልመለሷቸውም፤ መዲና እንድትወደድላቸውና ጤናማ እንድትሆንላቸው ዱዓ አደረጉ እንጂ። አንዳንዱ ሰው የሚለቀው ቦታ አለ፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ተኑሮበት የሚስተካከል ነው። ደብረ ብርሃንን ከሁለተኛው ወገን እቆጥራታለሁ።

ምክንያቴ ጭሱ ነው። ብርዱ ብቻውን ያን ያህል ጠላት አይደለም፤ ብርዱ ቤት አዘግቶ ከጭስ ጋር ሲያስቀምጠን ነው ነገሩ የሚከፋው። ገጠር ተወልዶ ቁርኣን የቀራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ደረሳው ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ በእሳቱ ብርሃን ሉሑን ያነባል፤ ማገዶው እርጥብ ከሆነ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ እኔን ደግሞ ሲር ሲር ያሰኘኛል። መንግሥት ትምህርት ቤት ስገባ ያረፍኩት ትምህርቱ በቀን፣ መስኮት ባለው ክፍል ስለነበረ ነው። እዚህም ከተማ ተከራይተው የሚኖሩ ወንድሞቻችን በሩን ዘግተው ከሰል ያነዳሉ፤ አከራዮቻቸው በኩበት ያበስላሉ። ጅማ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። ጉዳዩ የደጋና የቆላ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ አካባቢ ባሉ ከተማና ገጠር መካከል ልዩነት ባልኖረ ነበር። የምንኖርበት ቤትና የአኗኗራችን ሁኔታ ከአገሩ አየር እኩል ይቆጠራል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እኛ ሁሉንም «ፓፍ» እንላለን እንጂ ሥራቸው ሁለት ነው። ሳልቡታሞል (ብዙ ጊዜ ሰማያዊው) የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ያላላል፤ ቧንቧውን የሚያጠበውን እብጠት ግን አይነካም። ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ደግሞ እብጠቱን ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ ዛሬ ወስደኸው ዛሬ ምንም ስለማይሰማህ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ቧንቧ ራዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ለአየሩ ያለው መቋቋም 16 እጥፍ እንደሚሆን የተማርነው ነው። ሰማያዊውን ብቻ ይዞ መኖር የሚያፈስ ጣራ ሥር ባልዲ እየቀየሩ መኖር ነው። ጂና በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አውጪ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም እንዲቀር ይመክራል። በዓመት 3 ባለ 200 ፓፍ ሳልቡታሞል ወይም ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ድንገት የመታፈን አደጋው እንደሚጨምር፣ 12 የሚጨርስ ደግሞ የሞት አደጋው እንደሚጨምር መመሪያው ይናገራል። እያንዳንዳችሁ በዓመት ስንት እንደገዛችሁ ቁጠሩ።

«ፓፍ ሱስ ያሲዛል፣ የመጨረሻ መድኃኒት ነው» የሚለው ወሬ ከበሽታው ያላነሰ ጎድቶናል። እህቶቻችን በተለይ «ባል አታገኝም» እንዳይባሉ ከሰው ተደብቀው እንደሚወስዱት ሰምቻለሁ። የመከላከያው ፓፍ አንድ ጊዜ ሲነፋ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 250 ማይክሮግራም ነው፤ ሲያፍነን ያለ ጥያቄ የምንውጠው አንድ ባለ 5 ሚሊግራም የፕሬድኒሶሎን ክኒን 5,000 ማይክሮግራም ነው። መድኃኒቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ቁጥሩ በቀጥታ አይወዳደርም፤ ሆኖም አንዱ ሳንባ ላይ የሚቀር፣ ሌላው መላ ሰውነት የሚዞር ነው። ክኒኑን ለዓመታት የደጋገመ ሰው አጥንቱ፣ ስኳሩና ዓይኑ ይጎዳል። ሰው ግን ክኒኑን አይፈራም፤ ፓፉን ይፈራል።

አዲሶቹ መርፌዎች ወሬ አይደሉም፤ እውነት ናቸው። ኦማሊዙማብ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ከዚያ ሜፖሊዙማብ፣ ቤንራሊዙማብ፣ ዱፒሉማብ፣ በ2021 ደግሞ ቴዜፔሉማብ ተከተሉ። እንደየዓይነታቸው በየ2፣ በየ4 ወይም በየ8 ሳምንቱ ይወጋሉ፤ ለሚገባው ሰው ሕይወት ይለውጣሉ። የአሜሪካ ዋጋቸው በዓመት አሥር ሺዎች ዶላር ይደርሳል። ለማን ነው የሚገቡት? ከፍተኛውን የፓፍ መጠን በትክክለኛው አወሳሰድ እየወሰደ ላልዳነ ሰው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በተደረገ ጥናት እንዲህ ዓይነቱ እውነተኛ ከባድ አስም ያለበት ከመቶ ታማሚ 4 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የብዙዎቹ ችግር መድኃኒቱን አለመውሰድ ወይም አሳስቶ መውሰድ ነበር። በኛ አገር ሌላም ነገር አለ፦ ለአንዳንዶቹ መርፌዎች መለኪያ የሚሆነው የደም ሕዋስ ኢኦሲኖፊል የሆድ ትላትል ባለበት ሰውም ከፍ ይላል። እንግዲህ መርፌው ቢመጣልን እንኳ መጀመሪያ ሰገራ መመርመር ይኖርብናል። ዱባይ ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣለት የሚለምን ሰው ካለ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሳንባ ሐኪም ያማክር። ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስት ያሠለጥናል፤ አዲስ አበባ ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ነው።

የረመዳን ነገር ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ፓፍ ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም? ሸይኽ ኢብኑ ባዝና ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን አያፈርስም ብለዋል፤ ከሐነፊና ከሻፊዒ መዝሀብ ብዙ ዑለሞች ያፈርሳል ይላሉ። ክርክሩን እዚህ ልከፍተው አልፈልግም፤ ሁላችሁም የምትጠይቁት ዓሊም አላችሁ። ሁለት ነገር ግን ከክርክሩ ውጭ ነው። የመከላከያው ፓፍ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ ስለሆነ ከሰሑርና ከኢፍጣር ጋር ልክ ይገጥማል፤ ከወሰዱ በኋላም አፍ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል፣ ያኔ ውኃው አያስጨንቅም። ረመዳን ገባ ብሎ እሱን ማቆም ሰበብ የለውም። ቀን ላይ ደረቱ የታፈነ ሰው ደግሞ በሱረቱል በቀራ 185ኛው አንቀጽ ሩኽሷ የተሰጠው በሽተኛ ነው፤ ሰማያዊውን ይውሰድ፣ የሚከተለው ዓሊም ያፈርሳል ካለው በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል። ትንፋሹ እየተቆረጠ መግሪብን የሚጠብቅ ወንድም አይታችሁ ከሆነ «ማሻአላህ፣ ጽናት!» አትበሉት፤ ፓፉን አቀብሉት።

የአወሳሰዱ ችግር ደግሞ የእኛ የኢንጂነሪንግ ልጆች ሥራ ነው። ከጣሳው የሚወጣው ብናኝ ፈጣን ስለሆነ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ተጋጭቶ ይቀራል፤ ወደ ጥልቁ ሳንባ የሚደርሰው ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ያለው ነው። በመካከል ስፔሰር የሚባል ባዶ ዕቃ ሲገባ ብናኙ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ትልልቁ እዚያው ይቀራል፣ ደቃቁ ይሳባል። የፋብሪካውን ስፔሰር በከተማችን ፋርማሲዎች ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን የኬፕታውን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በደንብ ከታሸገ፣ ከተገዛው ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። ሃይላንድ ማለት ነው! ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ አጥፎ፣ አግሎ፣ የጠርሙሱን ሥር መብሳት፤ ፓፉን ማስገባትና ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ማሸግ፤ በጠርሙሱ አፍ መሳብ። አስቀድሞ በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይጠረግ ይደርቅ፤ አለዚያ የፕላስቲኩ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ብናኙን ወደ ግድግዳው ይስበዋል። ሰው ሲታፈን ሳልቡታሞሉን በዚህ አንድ በአንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ፣ በየ20 ደቂቃው እየደገሙ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት ቀን ይህች ጠርሙስ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለናንተ አልነግራችሁም።

ከጀመዓው የምጠይቀው ይህ ነው። የጁሙዓ ቀን የምናጨሰው ዑድ ከሶላት በኋላ፣ ከውጭ ይሁን፤ ሽቶ የሚወድ ልብሱን ይቀባ። ምንጣፉ በየወሩ ወጥቶ ፀሐይ ይምታው፣ ይራገፍ፤ አስም ያለበት ሰው ግን አያራግፈው። ከሰደቃ ሣጥናችን በየሴሚስተሩ ትንሽ ተነሥቶ የመከላከያ ፓፍ መግዛት ላቃታቸው ይዋል። አንድ ሳልቡታሞልና አንድ ስፔሰር የመስገጃው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ መድኃኒቱም ለወራት በሥርዓት ተወስዶ ለውጥ ያላየ ሰው ቆላ ልውረድ ቢል እኔ ራሴ ሻንጣውን እሸከምለታለሁ፤ እናቴም እንዲህ ስላት ዝም ትላለች።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ስፔሰሩን አብረን እንሠራለን፤ ሽቦና ፕላስተር አለኝ። ንጹሕ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ ኑ፤ ክዳኑ አያስፈልግም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።