ልጅ ያቦካው ለእራት ባይበቃ ለጣቱ ይበቃል

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነት ነው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ባቦካው ሊጥ እንግዳ የሚቀበል የለም። ነገር ግን ይህን ተረት እየጠቀስን ሕፃኑን ከሊጡ፣ ከጭቃውና ከአበባው ካራቅነው ተረቱን ያለ ቦታው አዋልነው ማለት ነው። ልጅ እኮ የሚያቦካው ለእራት ብሎ አይደለም፤ እጁን ሊያውቅበት ነው። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናነሣ የፈለግነው ጥያቄም ይኸው ነው፦ በሕፃናት ማቆያ የሚሠራ የእጅ ሥራ የማን ሥራ ነው? የልጁ ነው ወይስ የሞግዚቷና የመምህሩ?

በየማቆያውና በየአፀደ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ ያማረ የወረቀት አበባ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ጠርዙ ተስተካክሎ የተቆረጠ፣ ቀለሙ ከመስመር ያልወጣ ነው። ጎብኚ ሲመጣ ያስደስታል፤ ወላጅም «ልጄ ሠራው» ብሎ ይኮራል። ታዲያ እስቲ እናስበው፤ የ2 ዓመት ልጅ መቀስ ይዞ እንዲህ ያለ አበባ ይቆርጣል? አይቆርጥም። የሠራው ትልቅ ሰው ነው። ልጁማ በዚያን ሰዓት «እጅህን ሰብስብ፣ እንዳታበላሸው» እየተባለ ቁጭ ብሎ ነበር።

በትምህርታችን እንደምናውቀው የሕፃን እጅ በደረጃ ነው የሚያድገው። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው ልጅ ከሰል ወይም እርሳስ ቢሰጡት በጭብጡ ሙሉ ይዞ ይሞነጫጭራል። ክብ ነገር ለመሣል የሚሞክረው ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ ነው። እርሳስን በሦስት ጣት አስተካክሎ መያዝ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የሚጠቅመው መጭመቅ፣ መጠፍጠፍ፣ መቅደድ፣ መሰካትና መለጠፍ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ከገበያ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም።

ሌላው ችግር የወቅት ጉዳይ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡ የእጅ ሥራ መጻሕፍት «ጸደይ» ሲሉ በረዶው የቀለጠበትን፣ ጥንቸል የሚዘልበትን ወር ነው የሚያሳዩት። የሆሳዕና ልጅ ይህን ከየት ያውቀዋል? በአገራችን አቆጣጠር ክረምቱ የሚወጣው መስከረም 25 ሲሆን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። እንግዲህ እኛ አንድ ሳይሆን ሁለት የልምላሜ ጊዜ አለን ማለት ነው። አንደኛው አደይ አበባ የሚፈነዳበት፣ ሐዲያ ያሆዴን ከምባታም መሳላን የሚያከብሩበት የመስቀል ሰሞን ነው። ሁለተኛው መሬቱ በበልግ ዝናብ የሚርስበት ነው።

በመስከረም ምን ይሠራ ቢባል፣ ቀላሉ ይህ ነው። ከንጹሕ ቦታ ተቆፍሮ የወጣ ሸክላ አፈር በውኃ ይለወስና ለየልጁ አንድ አንድ ድቡልቡል ይሰጠዋል። ልጁ እንደፈለገ ይጨምቀው፣ ይጠፍጥፈው። ከዚያ አደይ አበባውን ከነግንዱ ወስዶ ጭቃው ላይ ይሰካ። አንዱ ሦስት ይሰካል፣ ሌላው አሥር፤ አንዷ ደግሞ ገልብጣ አበባውን ወደ ታች ትቀብረዋለች። ይቅበሩት! እናርም ብለን እጃችንን አናስገባ። በሌላ ቀን ከዱቄትና ከውኃ በእሳት የተሠራ ሙጫ ወረቀት ላይ ቀብተን ልጁ የአበባውን ቅጠል እየበጠሰ ይለጥፍ። የጋዜጣ ወረቀት ወይም ያረጀ ካርቶን ይበቃል።

እንሰት ባለበት አገር ደግሞ የእጅ ሥራ ዕቃ ቸገረን ማለት ያሳፍራል። የደረቀ ኮባ ለመቅደድ ይመቻል፤ ሲቀደድ ድምፁም ልጅን ያስቃል። ቃጫው ተፍቆ ከታጠበ በኋላ አጭር አጭር ተደርጎ ቢሰጥ የአሻንጉሊት ፀጉር፣ የወፍ ጎጆ፣ የበግ ጀርባ ይሆናል። እርጥብ ቅጠል ከወረቀት ሥር አድርገን ከላይ በከሰል ቢያሹት የቅጠሉ ሥር ሁሉ ይወጣል። ወረቀቱን የምንይዝለት እኛ ነን፤ የሚያሸው ግን ልጁ ይሁን።

በበልግ ጊዜ አንድ ያቆጠቆጠ ድንች በቆርቆሮ አፈር ውስጥ ይቅበር። ቆርቆሮው ጠርዙ የተዳመጠ ይሁን። ልጁ አፈሩን በእጁ ይሙላ፣ በየቀኑ ትንሽ ውኃ ያጠጣ። ባቄላና በቆሎ ያልመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉና ወደ አፍንጫው ይከታል፤ ትንሽ ፍሬ ሊያንቀው ይችላል።

ስለ ጥንቃቄ ካነሣን አይቀር፣ በየአጥሩ የሚበቅሉትን ለይቶ ማወቅ ግዴታችን ነው። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉር ስለሆነ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን መርዝ ነው። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል። እነዚህ ወደ ክፍል መግባት የለባቸውም። ልጆቹን አራት አምስት አድርጎ በየተራ ማሠራት፣ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ማስታጠብ ያስፈልጋል። አንድ ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ ቢሄድ ሥራውን ጠላ ማለት አይደለም፤ የዕድሜው ነገር ነውና አናስገድደው።

አንዳንድ ወላጆች «እኛ ልጃችንን የላክነው ፊደል እንዲቆጥር ነው እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም» ይላሉ። ቅሬታቸው ይገባናል፤ ከፍለው ነው የሚልኩት፣ የሚመለሰውም ልብሱ የቆሸሸ ልጅ ነው። መልሳችን ግን ግልጽ መሆን አለበት። ነገ እርሳስ የሚይዘው ዛሬ ጭቃ የጨመቀው ጣት ነው። ከዚህም ሌላ ልጁ ሲሠራ ይናገራል። «ለስላሳ»፣ «እርጥብ»፣ «ቢጫ» የሚሉትን ቃላት በሐዲይኛም ሆነ በከምባትኛ፣ ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ፣ ነገሩን በእጁ ይዞ ይማራቸዋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ያደረገው ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ይበልጥ ስለሚገባው ነው፤ ታዲያ ከማቆያ ብንጀምረው ምን ይከፋል?

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሮቤል በ1840 (እ.ኤ.አ.) ለሕፃናት ተቋሙ ያወጣለት ስም «የልጆች የአትክልት ቦታ» ማለት ነበር፤ እዚያም ልጆች ሸክላ ይሠሩ፣ ወረቀት ያጥፉ ነበር። እኛም «አፀደ ሕፃናት» ስንል አፀድ ማለት ያው የአትክልት ቦታ ነው። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ማቆያ ግን ስሙ እንደሚለው ልጅን ማቆየት ብቻ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ አልጋና ምንጣፍ ላይ የሚውል ልጅ ሆዱ ቢጠግብም እጁ ይራባል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለእኛ ለዕጩዎቹ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በእጅ ሥራና በትምህርት መርጃ መሣሪያ ዝግጅት ነጥብ ሲሰጥ የእኛ የቆረጥነውና የቀባነው ብቻ አይታይ። በልምምድ ጊዜ አንድ ሕፃን በራሱ እጅ የሠራው ሥራ አብሮ ይቅረብ፤ ልጁ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳለ፣ እኛስ የቱ ላይ እንደረዳነው በአጭሩ ይጻፍበት። የተጣመመም ቢሆን ነጥብ ያግኝ። መጣመሙ እኮ ነው የልጁ መሆኑን የሚመሰክረው።

ሁለተኛ፣ ከዱራሜም ከሾኔም፣ ከአንጋጫም ከዶዮገናም፣ ከሆመቾም የመጣን ሁላችን ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ በባዶ እጅ አንመለስ። አንዱ ቃጫ፣ አንዱ የደረቀ ኮባ፣ አንዱ ጥሩ ሸክላ አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይምጣ። በአንድ ክፍል ጥግ ብናከማቸው ለልምምድ የሚወጣ ሁሉ ከዚያ ይወስዳል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደብዳቤም አያስጽፍም። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በሚቀጥለው ዕረፍት ይጀምር እንላለን።

ዕጩ መምህራን