የጣት መዝገብ ወይስ የድምፅ ቅጂ?
በዲጂታል ፒያኖ የራስን አጨዋወት ስለመቅረጽ

አብዛኞቹ ዲጂታል ፒያኖዎች መቅረጫ አላቸው። ብዙ ባለቤቶች ግን ይህን መቅረጫ እንደ ትርፍ ጌጥ ይቆጥሩታል፤ የሚጠቀሙበትም ቢሆኑ በትክክል ምን እንደሚቀርጽላቸው እምብዛም አይጠይቁም። በእኛ እምነት ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። «ቀረጻ» በሚለው አንድ ቃል ሥር በባሕርያቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮች ይገኛሉና። አንዱን በሌላው ቦታ የተካ ሰው፣ አስቀመጥኩት ያለውን ዜማ ከዓመታት በኋላ ሲፈልገው ላያገኘው ይችላል።

ሁለቱ ቀረጻዎች

የመጀመሪያው ቀረጻ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ በሆነውና ሚዲ ተብሎ በሚታወቀው ሥርዓት የሚከናወን ነው። ሚዲ የጣትን ሥራ ይመዘግባል እንጂ ድምፅን አይቀርጽም። ከእያንዳንዱ የፒያኖ ቁልፍ ሥር በተለያየ ጥልቀት የተቀመጡ ሁለት ወይም ሦስት መዳሰሻዎች አሉ። ቁልፉ ወደ ታች ሲወርድ ከአንዱ መዳሰሻ ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ይለካል፤ ጊዜው ባጠረ መጠን ምቱ ጠንካራ ነበር ማለት ነው። መሣሪያው ይህን ፍጥነት ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይተረጉመዋል። ከዚያም የትኛው ቁልፍ፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ መቼ እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ ይጽፋል።

ሁለተኛው የድምፅ ቅጂ ነው። በሲዲ ደረጃ ሲቀረጽ የድምፁ ሞገድ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬትም ለግራውና ለቀኙ በየራሱ በ16 ቢት ይጻፋል። ይህ ቁጥር የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም ከ20,000 ሄርትዝ ገደማ፣ ከእጥፍ በላይ ሆኖ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእጥፍ ካነሰ ሞገዱን መልሶ መገንባት አይቻልም።

አምስት ደቂቃ የሚፈጅና 3,000 ምቶች ያሉት አንድ አጨዋወት እንውሰድ። የሚዲ መዝገቡ 25 ኪሎባይት ገደማ ሲሆን የድምፅ ቅጂው ግን 53 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ከሁለት ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ልዩነት ውስጥ የተተወው ነገር ምንድን ነው?

ሚዲ ለተማሪ

ከዚያ በፊት ግን ለሚዲ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ፒያኖ የሚጫወት ሰው አእምሮው በሚቀጥለው ምት ስለሚጠመድ ያለፈውን በሚገባ ሊመዝን አይችልም። የሚዲ መዝገቡን በኮምፒውተር ሲመለከት ግን አንድ ላይ ሊመታቸው ያሰባቸው ሦስት ድምፆች በስንት ሚሊሰከንድ እንደተራራቁ፣ ግራ እጁ ቀኙን መጫኑን፣ በአስቸጋሪው ክፍል ላይ መፍጠኑን በቁጥር ያገኘዋል። ይህ ከቤተ ሙከራ ሥራ የሚለይ አይደለም።

እንደ ማንኛውም መለኪያ ሁሉ ሚዲም የራሱ ወሰን አለው። በቀድሞው የሚዲ ገመድ መልእክት የሚተላለፈው በሰከንድ በ31,250 ቢት ነው። አንድ የምት መልእክት ሦስት ባይት ሆኖ እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን፣ መልእክቱ ለማለፍ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ዐሥሩም ጣቶች እኩል ቢያርፉ እንኳ የመጨረሻው መልእክት ወደ ዐሥር ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ስለዚህ ተማሪው በጣቱ ከመፍረዱ በፊት ገመዱን ይመርምር።

ሚዲ የማያስቀምጠው

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ሚዲ የሚመዘግበው የቁልፉን ቁጥር እንጂ የድምፁን ድግግሞሽ አይደለም። ዲጂታል ፒያኖ ከፋብሪካ ሲወጣ ኦክታቭን በ12 እኩል ደረጃዎች ከፍሎ ነው፤ የእያንዳንዱ ደረጃ ድግግሞሽ ከበታቹ ካለው 1.0595 እጥፍ ነው። ክራር መቺ ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ ለዚህ እኩል አከፋፈል የሚገዛበት ግዴታ የለበትም። በብዙ ዲጂታል ፒያኖዎች ላይም የየቁልፉን ቅኝት በጥቂቱ ማላላት ወይም ማጥበቅ ይቻላል። ፒያኖውን እንዲህ አድርጎ ለአንቺ ሆዬ የቃኘ ሰው በሚዲ ቢቀርጽ፣ በተለመደው አመዘጋገብ የሚጻፈው «ቁልፍ ቁጥር 61» ብቻ ነው። መዝገቡ በሌላ መሣሪያ ሲከፈት ቅኝቱ የሌላው መሣሪያ ይሆናል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱ ሲያዜሙ በካሴት የተቀረጹ ሥራዎች አሏቸው። እርሳቸው በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ ሥራዎቹ በ2024 በአልበም ወጥተዋል። የካሴት ጥራት ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም ድምፃቸውም ክፍሉም በውስጡ አሉ። ያ ቀረጻ ሚዲ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚገኘው የቁልፎች ዝርዝር ይሆን ነበር።

ሌላም አደጋ አለ። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ምት በአቅራቢያው ወዳለው እኩል የጊዜ መስመር የሚያስጠጋ ትእዛዝ አላቸው። የእማሆይን አጨዋወት የሰማ ሰው ምቱ እንደ ሜትሮኖም እንደማይራመድ ያውቃል፤ እያረፈ፣ እየዘገየ፣ እየተጣደፈ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን አጨዋወት «ማስተካከል» ማጥፋት ነው። የተስተካከለው በዋናው መዝገብ ላይ ከተጻፈ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ሚዲ ንጹሕ ነው፣ ወደፊት በተሻለ የፒያኖ ድምፅ ሊሰማ ይችላል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ሚዲ የምት ፍጥነትን በ65,536 ደረጃዎች መጻፍ ይችላል። ደረጃው ቢበዛም ግን አብሮ የሚያዜመውን ሰው ድምፅና የክፍሉን አየር አይመዘግብም።

ስለሆነም ፒያኖ ለሚጫወቱ ተማሪዎቻችንና አንባቢዎቻችን የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። በሁለቱም መንገድ ይቅረጹ። ዋናውን መዝገብ ሳይነኩ ያኑሩ፤ እርማት ካስፈለገ በግልባጩ ላይ ይሁን። ቀኑን፣ የመሣሪያውን ዓይነትና ቅኝቱን ጽፈው አብረው ያስቀምጡ። በቤተ ሙከራ የመጀመሪያውን ልኬት መሰረዝ ነውር መሆኑን እናስተምራለን፤ ለዜማችንም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ልናደርግለት አይገባም።