የተጨመረው ባሌስትራ ሒሳብ

የምንጃርን ጤፍ የሚነግድ ሁሉ አረርቲ ላይ ተሰልፎ ጭነት የሚጠብቀውን አይሱዙ ያውቀዋል። ባዶውን ሲቆም ኋላው ወደ ላይ ተነሥቶ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ሊዘል የተዘጋጀ ፌንጣ ይመስላል። ደላላው ይህንን ሲያይ ፊቱ ይፈካል። ‹‹ባሌስትራ የተጨመረለት ነው›› የሚለው ቃል በመኪና ሽያጭ ላይ እንደ አዲስ ጎማና እንዳልተነካ ሞተር የሚቆጠር ምስጋና ሆኗል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ቃሉ ዋጋ መጨመሪያ ሳይሆን ዋጋ መቀነሻ ሊሆን ይገባው ነበር።

ባለንብረቱን በስግብግብነት ብቻ መክሰስ አይቻልም። የጭነት ኪራይ የሚከፈለው በኩንታል ነው። ሊብሬው ላይ 50 ኩንታል የተጻፈለት መኪና 50 ቢጭን ወይም 70 ቢጭን የሾፌሩና የረዳቱ አበል ያው ነው፤ የናፍጣውም ልዩነት ከኪራዩ ልዩነት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ከ50ው በላይ የምትወጣው እያንዳንዷ ኩንታል ለባለንብረቱ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ትርፍ ናት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው በእርሱ ቦታ ቢሆን ወደ ጋራዥ የሚሮጠው ቀድሞ ነው።

ችግሩ ጋራዡ የሚሸጥለት ነገር ግማሽ ሥራ መሆኑ ነው። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ንጣፎች ናቸው። አንድ ንጣፍ ሲጨመር ብረቱ ይጠነክራል፣ የመኪናው ኋላም ከፍ ይላል። ሾክ አብዞርበሩ ግን የተመረጠው ለቀድሞው ባሌስትራ ልክ ነው። ብረቱ ጠንክሮ እርሱ ባለበት ሲቀር፣ ተጨንቆ የነበረው ባሌስትራ ሲፈናጠር በቅጡ የሚገታው አያገኝም። መኪናው ጭነቱን አራግፎ ከእህል በረንዳ ባዶውን ሲመለስ ጎማው በየጉድጓዱ ከመሬት ይነጠላል፤ ከመሬት የተነጠለ ጎማ ደግሞ ለመሪም ለፍሬንም አይታዘዝም። ጭነት ሲኖር በተራው ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በመታጠፊያ ላይ ሸክሙ ወደ ውጭው ጎማ ይሸሻል። የተገለበጠ አይሱዙ አይተን ‹‹ሾፌሩ ጫት ቅሞ ነው›› የምንለው አንዳንዴ ያለ ማስረጃ ነው።

ይህን ጸሐፊ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ከሥር ገብቶ ላላየ ሰው የማይታይ ዕቃ ነው። በብዙ ፒክአፖችና አነስተኛ የጭነት መኪኖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነቱን በሚዛን አይመዝንም፤ የሚያውቀው በሻሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ርቀቱ ሰፊ ከሆነ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ለኋላ ጎማ የሚደርሰውን የፍሬን ኃይል ይቀንሳል። ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና 70 ኩንታል ተሸክሞም ኋላው እምብዛም አይወርድም። ቫልቩም ይታለላል፤ ፍሬኑ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት የኋላው ጎማ ድርሻውን አይሠራም። ዘንጉን እንደ አዲሱ ከፍታ ማስተካከል ይቻላል። የሚጠይቅ ደንበኛ ግን ጥቂት ነው።

የአዲስ አበባው ባለሀብትም ይህ የጭነት መኪና ጣጣ ነው ብሎ አይዘናጋ። በስፔሰር ከፍ የተደረገው ቪትዝና ኮሮላ ያው ነው። በሌላው ዓለም የመኪና ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች መታጠፊያ ላይ እንዲጸናላቸው መኪናቸውን ዝቅ ያስደርጋሉ፤ እኛ ለጉድጓድ ስንል ከፍ እናስደርጋለን። ምክንያታችን የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከፍታው ሲቀየር የጎማው አቀማመጥም ስለሚቀየር፣ ቢያንስ አላይመንት ሳያሠሩ በፍጥነት መንገድ ላይ መክነፍ ድፍረት ነው።

ወደ ጤፉ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በአራተኛ ርቢ ያድጋል። የአክስሉ ክብደት በ20 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ወጪ በማንም የጭነት ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ተጠራቅሞ ጉድጓድ ይሆናል፤ ጉድጓዱም ሌላ ባሌስትራ ያስጨምራል።

መቆጣጠር የትራፊክ ፖሊስና የሚዛን ጣቢያ ሥራ ነው የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ይሁን፤ ነገር ግን ተጨማሪዋን ንጣፍ በተዘዋዋሪ የሚገዛት በኩንታል እየተደራደረ የሚከፍለው ነጋዴ ራሱ ነው። ሊብሬውን አይቶ፣ መኪናው በተፈቀደለት ልክ እንዲጭን ተስማምቶ፣ ኪራዩን በምልልስ ቢቆርጥ ባለንብረቱ ብረት የሚያስጨምርበት ምክንያት ይቀንሳል። ኪራዩ በኩንታል ሲሰላ ጥቂት ሊወደድ ይችላል። በአንጻሩ መኪናው ከተገለበጠ ከሊብሬው በላይ መጫኑ የኢንሹራንስ ካሳ ሊያስከለክል ስለሚችል፣ ውሉን ከመንገዱ በፊት ማንበብ ይበጃል።

ለገዢዎችም፦ ደላላው ‹‹ባሌስትራ የተጨመረለት ነው›› ሲልዎ ሾኩስ አብሮ ተቀይሯል? የፍሬኑ ቫልቭስ ተስተካክሏል? ብለው ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ዋጋ አይጥሩ።