ለስልኬ ካርታ፦ የዘገየ ምስጋና

ውድ የስልኬ ካርታ፣

ይህ ደብዳቤ ከዓመታት በፊት ሊደርስሽ ይገባ ነበር። ጎማ ለነፋልኝ ልጅ ጉርሻ እሰጣለሁ፤ ኬላ ላይ ቶሎ ላሳለፈኝ ፖሊስ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋም ድንበር አሻግረሽ የሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ድረስ ላደረስሽኝ ለአንቺ ግን አንድም ቀን ቃል ተንፍሼልሽ አላውቅም። መድረሻችን ላይ መድረሳችንን በፈረንጅ አፍ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ሞተር አጥፍቼ እወርዳለሁ፤ በቃ። «አንቺ» ያልኩሽም ከንቀት አይደለም። ድምፅሽ የሴት ነው፤ አብረን የበላነው አቧራም «አንቱ» ለመባባል አይመችም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግንሽ ኔትወርክ ሲጠፋ አብረሽ ስለማትጠፊ ነው። ብዙ ሰው የምትኖሪው በዳታ ይመስለዋል። ጥቅሉ ሲያልቅ ካርታውም ያለቀ መስሎት ስልኩን ኪሱ ይከታል። ያለሁበትን ቦታ የሚነግርሽ ግን የቴሌ አንቴና ሳይሆን ሳተላይት ነው። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክታቸውን ለሁሉም ይለቃሉ፤ ስልኬ የአራቱን ከሰማ የቆምኩበትን ያሰላል። ለመስማት ደግሞ ማንም አያስከፍልም። አሜሪካኖች ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ነበር፤ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ይህን ሲተዉት 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት ወደ 20 ሜትርና ከዚያ በታች ወረደ። ዳታ የሚያስፈልግሽ ሥዕሉን ለማምጣት ነው፦ መንገዱን፣ ወንዙን፣ የከተማውን ስም። እሱን ደግሞ ሐረር ላይ በሆቴል ዋይፋይ አውርጄሽ አድራለሁ። በማግስቱ የዳካታ ሸለቆ ላይ፣ እነዚያ ተደራርበው የቆሙ ድንጋዮች መሃል ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሰማያዊዋ ነጥብ መንገዷን ትቀጥላለች።

በደህና ቀን ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ግን ስልኬ ላይ ካለው አፕሊኬሽን ሁሉ እንደ ወትሮው ሥራሽን የሠራሽው አንቺ ነበርሽ። የዚያን ጊዜም አላመሰገንኩሽም።

ሁለተኛው ዕዳዬ የገንዘብ ነው። የእህቴ ልጅ ከሚኒያፖሊስ መጥታ በመኪና ምሥራቁን ልናሳያት ስንነሣ ገና ከጅምሩ የጠየቀችኝ ስለ ዳታ ነበር። የአሜሪካ መስመሯን በሮሚንግ ትጠቀም? ከመነሣቷ በፊት በኢንተርኔት የሚሸጠውን የመንገደኛ ኢሲም ትግዛ? ወይስ እዚህ ሲም ታውጣ? ያለ ዳታ የምትችዪውን ካወቁ በኋላ መልሱ ቀላል ነው። ሮሚንግ ለአንድ ቀን እንጂ ለሳምንታት ጉዞ የሚቻል ዋጋ አይደለም። ኢሲሙ ቦሌ ሲወርዱ ወዲያው መሥራቱ ደስ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የአገር ቤት ስልክ ቁጥር አይሰጥም፤ ያለ ቁጥር ደግሞ ቴሌብር የለም፣ የሆቴል ሰውም መልሶ አይደውልም። ስለዚህ ፓስፖርቷን ይዛ ሲም አወጣች፤ በ*999# የወር ጥቅል ሞላን። የአሜሪካውን መስመር ዳታውን ዘግታ ለባንክ መልእክት ብቻ አስቀረችው። መንገድ ለማሳየት የምትበዪው በሰዓት ጥቂት ሜጋባይት ነው። ጥቅሉን የጨረሰው የእሷ ቪዲዮ ነው፤ በዚህ እመሰክርልሻለሁ።

የትኛው ኩባንያ ለሚለውም መልስ አለኝ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በመስከረም 2015 ነበር። ምሥራቁ ሸገርን የቀደመበት ነገር ብዙ ስላልሆነ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ትናንሾቹ ከተሞች ለሚገባ ግን የኢትዮ ቴሌኮም ሽፋን ይሰፋል፤ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ያለው ሁለቱንም ይያዝ።

ካራማራን ተሻግረን የጅግጅጋ ሜዳ ሲዘረጋ አንቺ የምታሳዪው ተጠማዞ የሚወርድ መስመር ብቻ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት እዚህ ምን እንደሆነ አትናገሪም፤ በ1933 እንግሊዞችና ጣሊያኖች እዚሁ ማርዳ መተላለፊያ ላይ መዋጋታቸውንም አታነሺም። ሐርቲሸክን በትንሽ ፊደል ጽፈሽ ታልፊያለሽ። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከሐርጌሳ የተሰደደው ሕዝብ የሰፈረበት፣ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ የነበረ ቦታ ነው፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዝም ማለትሽን አልወቅስም። አንቺ ስላላወራሽ ነው እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ በሶማሊኛ «አዴር» (አጎቴ) ብዬ ጠይቄ ረጅም ወሬ የሰማሁት።

አሁን ዋናው ዕዳ ላይ ደረስኩ። ከጅግጅጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ለፈ ኢሳ አቅጣጫ ስንወጣ ነው። አስፋልት ስትይዢ የምታኮሪ ነሽ፤ እዚያ ግን መንገዱ አንድ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ እያንዳንዱ አይሱዙ ጭቃውን ሸሽቶ የራሱን ጎማ ያሳርፋል፤ ሲደርቅ ሜዳው ላይ አምስት ስድስት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ይወለዳል። አንቺ የያዝሽው አንዱን ነው። ነጥቧ ከመስመሩ ወጥታ ግራጫው ባዶ ቦታ ላይ ትንሳፈፋለች፤ አንቺም ወደ መስመሩ እንድመለስ ትወተውቺኛለሽ። አልመለስም፤ ግን ከመስመሩ ስንት ሜትር እንደራቅኩ ስለማይ፣ መስመሩ ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሜ ስለማውቅ፣ ልቤ አይደነግጥም። በፊት ቢሆን ፀሐይና የሌላ መኪና አቧራ ነበር መሪያችን።

አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንቺ ቀኝ አልሽ። ግመል የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ነበር፤ መስታወት አውርጄ በእጄ ወደ ቀኝ ጠየቅኩት። በትሩን ከትከሻው አወረደና ወደ ግራ ዘረጋው፤ ከዚያ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፦ በቀኝ በኩል ውኃ ገብቶ እዚህ ድረስ ይመጣል ማለቱ ነው። የልጁን መንገድ ያዝኩ። አንቺ ትንሽ ዝም አልሽ፣ አሰላሽ፣ ከዚያም በግራ በኩል አዲስ መስመር አሰመርሽልኝ። ያለ ኔትወርክ! ከአገሬው ሰው ጋር አልተሟገትሽም፤ «ነግሬህ ነበር» አላልሽም። አብሮኝ መኪና ውስጥ ከሚቀመጥ ሰው መካከል እንዲህ ሲታረም የማይኮሳተር ጥቂት ነው የማውቀው። (የእህቴ ልጅ ይህን ካነበበች፣ እሷን ማለቴ አይደለም።)

ትንሽ ስንቀጥል የፈለግነውን ከተማ ስጽፍ አላገኘሽውም። እዚህ አካባቢ ካርታ ላይ ስም መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፦ አንዱን ቦታ አንዱ ተፈሪ በር ይለዋል፣ ሌላው አውበሬ፤ በላቲን ፊደል ደግሞ ሁሉም በየራሱ ይጽፈዋል። መፍትሔውንም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከጅግጅጋ ሳልወጣ ቦታውን በጣቴ ተጭኜ ኮከብ አደርግበታለሁ፣ በፈለግኩት ስም። ኮከቡ አማርኛም ሶማሊኛም እንግሊዝኛም አይጠይቅም።

ሰዓትሽን መቼም ለምጄዋለሁ። ቶጎ ውጫሌ 15:40 እንደርሳለን ስትዪ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ማለትሽ እንደሆነ አሁን ያለ ሒሳብ ይገባኛል።

ቶጎ ውጫሌ። ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ የሚያስቸግረው መንገዱ ሳይሆን ኔትወርኩ ነው። ከተማዋ ሁለት አገር ላይ ነው የተቀመጠችው፤ አንቴናዎቹ ደግሞ ድንበር አያውቁም። በኢትዮጵያ በኩል ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የግመል ወተት ሻይ ስጠብቅ የስልኬ ኔትወርክ ስም ተለወጠ፤ ፓስፖርቴ ላይ ማህተም ሳያርፍ ስልኬ ተሻግሮ ነበር። የከተማው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ሲም ይይዛል፤ አንዱ በ251፣ አንዱ በ252 የሚጀምር። እኔ ዳታ ሮሚንጉን ጅግጅጋ ላይ ዘግቼው ስለነበር ለማዶው አንቴና ምንም አልከፈልኩም። አንቺም አልተቸገርሽም፤ ያወረድኩሽ አራት ማዕዘን ከድሬዳዋ እስከ በርበራ ስለሚደርስ ድንበሩ መሃል ላይ አልቆረጠሽም። ለሚጓዝ ሁሉ የምነግረው ይህን ነው፦ ስታወርድ ማዶውንም ጨምር።

ማዶ ተሻግሬ የቴሌሶም ሲም ገዛሁ፤ ሶምቴልም አለ። እዚያ ሲም ማለት ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ዛድ የተባለው የቴሌሶም የስልክ ገንዘብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ እኛ ቴሌብርን ያገኘነው ግንቦት 2013 ዓ.ም. መሆኑን አስቢ። ሐርጌሳ መንገድ ዳር ሺልንጉን እንደ ጡብ ከምረው የሚዘረዝሩት ሰዎች አሁንም አሉ፤ ሻይ የምትሸጠው ሴት ግን የምትፈልገው ስልኬን ነው፤ ቁጥሯን ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች።

በሐርጌሳ መንገድ የመራሽኝን ደግሞ እንዴት ልርሳው? መኪናው በቀኝ ይሄዳል፤ የአብዛኛው መኪና መሪም በቀኝ ነው፤ ሾፌሩ ለመቅደም ሲፈልግ ከፊቱ የሚመጣውን የሚያየው ጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። በተከራየሁት መኪና ውስጥ ዓይኔን ከመንገዱ ማንሣት አልቻልኩም። ያን ቀን ያለ ድምፅሽ የትም አልደርስም ነበር። የጎዳናውን ስም ስትጠሪ ያወላገድሽበትን ይቅር ብዬሻለሁ፤ «ጅግጅጋ»ን ስትጠሪ ከሰማሁ በኋላ ምንም አያስገርመኝም።

ከአንቺ ጀርባ ያሉትንም ባመሰግን ደስ ይለኛል። ሁለተኛ መጠባበቂያ አድርጌ የምይዘው ካርታ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ነው፤ በበጎ ፈቃድ የሚሳል ካርታ ነው። የሆነ አገር ውስጥ የሆነ ሰው ማታ ከሥራ መልስ የሳተላይት ፎቶ ላይ ጎንበስ ብሎ የለፈ ኢሳን የአቧራ መንገድ በማውስ ተከትሎታል። እግሩ አልረገጠውም፤ ምናልባትም ስሙን መጥራት አይችልም። አግኝተሽው ከሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔም በበኩሌ ያ ውኃ የሚገባበትን ቦታ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ልጁ በሌለበት ቀን ለሚያልፍ ሰው።

ዳታም ድርሻውን ይውሰድ። እናቴ ካዛንቺስ ቁጭ ብላ ሎኬሽኔን ስለምትከታተል ነው የምትተኛው። ኔትወርክ በያዝኩበት ሁሉ እሷም ትይዘኛለች። አንድ ቀን ባቢሌ ላይ እንደቆምኩ ደውላ «ምነው፣ ምን ሆነህ ቆምክ?» አለችኝ፤ ኦቾሎኒ እየገዛሁ ነበር። «ለእኔም ያዝልኝ» ብላ ዘጋችው። በፊት ጉዞ ስወጣ በየከተማው የስልክ ቤት ፈልጌ «ደርሻለሁ» እስክላት ድረስ ጸሎት ላይ ነበር የምትቆየው። እሷም ታመሰግንሻለች፤ ስምሽን ባታውቅም «ያ ሰማያዊ ነገር» ነው የምትልሽ።

ቀጣዩ ጉዟችን በሲቲ ዞን በኩል ነው፦ ከድሬዳዋ ሺኒሌ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ከቻልን ጅቡቲ። እስከ ደወሌ የክፍያ መንገድ ስለሆነ ብዙ አላስቸግርሽም፤ አካባቢውን ሁሉ ትናንት ማታ አውርጄዋለሁ፣ የቆየውንም አድሼዋለሁ። ምስጋና በባዶ እጅ አይሆንምና ከጅግጅጋ ገበያ አዲስ መያዣና ቻርጀር ገዝቼልሻለሁ። የድሮው መያዣ ሙጫው በሙቀት እየለቀቀ ስንት ጊዜ ፔዳል ሥር እንደጣለሽ አንቺ ታውቂያለሽ። አዲሱ የሚሰካው የኤሲው አፍ ላይ ነው፤ ቆላው ላይ ስልኩ ግሎ እንዳይጠፋብን።

አክባሪሽ፣
ሾፌርሽ