ስንት ድምፅ አለው?

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። (አጎቴ አይደሉም። ዳላስ ውስጥ ከእኔ በፊት የመጣ ሐበሻ ሁሉ ጋሼ ነው።)

«አንተ ልጅ፣ ይሄን የኤሌክትሮኒክስ ነገር ታውቀው የለ?»

«እንደ ነገሩ አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንገረኝ። የአውሬ መጥሪያ ልገዛ ነው። አንዱ 100 ድምፅ አለው፣ ሌላው 300 አለው ይላል። የቱን ልግዛ?»

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ከዳላስ ወደ ምሥራቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቁራጭ መሬት ገዙና ፍየል ማርባት ጀመሩ። ደንበኛ አላጡም። ፋሲካ ሲደርስ የዳላስና የጋርላንድ ሐበሻ ፍየል ፍለጋ እንዴት እንደሚራወጥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ዓመት ታዲያ ለፋሲካ ካሰቧቸው ግልገሎች 4ቱን አውሬ በላባቸው። አንዱ የተከፈለበት ነበር፤ ገንዘቡን መለሱ። ዘንድሮም ፍየሎቹ አርግዘዋል። እሳቸው ደግሞ እንቅልፍ አጥተዋል።

በላተኛው ካዮቲ ነው። ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ የሚል የአሜሪካ አውሬ ነው፤ በግና ፍየል አርቢዎችን እዚህ አገር እንደ እሱ የሚጎዳ አውሬ የለም። መጥሪያው ደግሞ ስፒከር ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። የቆሰለች ጥንቸል ሲቃ፣ የግልገል ጩኸት፣ የካዮቲ ማላዘን በውስጡ ተጭኗል። ሳጥኑን ሜዳ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ እናንተ ራቅ ብላችሁ ቁጥቋጦ ሥር ትደበቃላችሁ፣ ሪሞቱን ትጫናላችሁ። አውሬው ምሳ ያገኘ መስሎት ይመጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የማርብል ፎልስ፣ ቴክሳስ የበርንሃም ወንድማማቾች በአፍ የሚነፋውን መጥሪያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስፋፉት። የዌኮው ጆኒ ስቱዋርት ደግሞ የእንስሳት ድምፅ ቀድቶ በሸክላ ሸጠ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ቺፕ ተሸጋገረና ዛሬ ሦስት መቶ ድምፅ በኪስ ይገባል።

እኔ አዳኝ ነኝ ማለት ይከብደኛል። አንድ ቴክሳሳዊ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ክረምት ይዞኝ ወጥቷል፣ በእሱና በሌላ ሰው መሣሪያ ተለማምጃለሁ፣ ተሳስቻለሁ። ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር «ስንት ድምፅ አለው?» የሚለው ጥያቄ ለሻጩ እንጂ ለገዢው እንደማይጠቅም ነው።

እስኪ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። 300 ድምፅ ማለት ዝርዝሩን ሲያነቡ የሚነጋበት ማለት ነው። ካናዳ ያለ የበረዶ ጥንቸል፣ አይቼው የማላውቀው ወፍ፣ የአሳማ ግልገል... ባልደረባዬ ከዚያ ሁሉ የሚጠቀመው አምስቱን ነው። የጥንቸል ሲቃ፣ የግልገል ጩኸት፣ የአይጥ ጭውጭውታ (አውሬው ከቀረበ በኋላ ትንሽ ለመሳብ)፣ የካዮቲ ማላዘን፣ የካዮቲ ቡችላ ልቅሶ። ከእነዚህ አምስት ውጭ ያለው ጌጥ ነው ብል አላጋነንኩም። በጥራት የተቀዳ 12 ድምፅ፣ ከበይነመረብ ተለቃቅሞ ተጨምቆ ከተጫነ 300 ይሻላል። ቀጭኑ የድምፅ ክፍል በመጨመቅ ይጠፋል፤ እኛ ላናስተውለው እንችላለን፣ የውሻ ዘር ጆሮ ግን ከእኛ እጥፍ በላይ ከፍ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

ከድምፁ ቁጥር ይልቅ ሪሞቱን ጠይቁ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

ካቻምና አንድ ወዳጄ ርካሽ መሣሪያ አዋሰኝ። ማሸጊያው ላይ ሪሞቱ 300 ያርድ ይሠራል ይላል። እኔም አምኜ ሳጥኑን 80 እርምጃ ያህል አርቄ፣ መሐላችን አንድ የሜስኪት ቁጥቋጦ ቀርቶ ተቀመጥኩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ አንድ ካዮቲ ከሜዳው ጫፍ ብቅ አለ። ድምፁን ዝቅ ላድርግ ብዬ ብጫን ሳጥኑ አይሰማኝም። ደግሜ ብጫን፣ ዝም። ጥንቸሏ እንደ ሰርግ ዘፋኝ ትጮሃለች፣ ካዮቲው ቆሞ ይጠረጥራል፣ እኔ ሪሞቱን ከፍ ላደርግ ክንዴን አነሳሁ። አለቀ። አንድ ጊዜ አየኝና ሄደ።

ካዮቲው መሄዱ አይደለም የቆጨኝ። ባልደረባዬ ያለኝ ነው። «አሁን እሱን ካዮቲ አስተምረህ ለቀቅኸው» አለኝ። ጥንቸል ስትጮህ ሰው እንዳለ ያወቀ ካዮቲ ለዚያ ድምፅ ሁለተኛ በቀላሉ አይመጣም። ፍየሉን ግን መብላቱን አይተውም! የጋሼ ሌባ እንዲህ ቢማር ማሽኑ ጠቀማቸው ወይስ ጎዳቸው?

ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ርቀት ምንም ነገር በሌለበት ሜዳ የተለካ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ቁጥቋጦና ጉብታ ባለበት ግማሹን ካገኛችሁ እሰየው። መሣሪያውን ገዝታችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምታድኑበት ቦታ ላይ በቀን ሞክሩት፣ ካልሠራ መልሱት። ሪሞት ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል ካላችሁ፣ አውሬው ዓይኑን የሚተክለው ድምፁ በሚመጣበት ላይ ነው። ድምፁ ከእናንተ 40 እና 50 እርምጃ ራቅ ካለ ዓይኑም ከእናንተ ራቀ ማለት ነው። በተጨማሪም ካዮቲ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ዞሮ ከነፋሱ በታች ሆኖ ማሽተት ይወዳል። ሳጥኑን ወደ ነፋሱ በኩል አድርጎ፣ ዞሮ የሚመጣበትን ሜዳ ከፊት አድርጎ መቀመጥ የሚቻለው ሪሞቱ ሲታመን ብቻ ነው። በአፍ የሚነፋው ፊሽካ ይህን ጥቅም አይሰጥም፤ ድምፁም አዳኙም አንድ ቦታ ናቸው። (ቢሆንም አንድ ፊሽካ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ባትሪ የለውም፣ በብርድ አይሞትም።)

ስፒከሩ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ጩኸቱን ይገዛል። እኔ ግን ዝቅ ሲል ጥርት ብሎ የሚሰማውን እገዛለሁ። የቀንድ ቅርጽ ያለው ስፒከር ቀጭን ድምፅ ሩቅ ይወስዳል፣ ወፍራሙን ድምፅ ግን ያሳንሰዋል። ለጥንቸል ይበቃል፤ ማላዘን ሲመጣ በቆርቆሮ ውስጥ የሚያላዝን ይመስላል። ሁለቱንም ዓይነት ስፒከር የያዘ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ዋጋውን በተመለከተ ፎክስፕሮ፣ አይኮቴክ፣ ላኪ ደክ የሚባሉት ስሞች በየሱቁ አሉ፤ ከመቶ ዶላር ገደማ ጀምሮ 500 አልፎ እስከሚሄደው ድረስ። የእኔ አስተያየት መካከለኛውን ነው። የሚወዛወዝ የጭራ ማታለያ፣ የሚሽከረከር መቆሚያ ምናምን ባይኖረው ፍየል ጠባቂውን አይጎዳውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ጥሩ፤ የቱ ድምፅ ነው ታዲያ ሌባዬን የሚጠራው?» አሉኝ።

እናንተዬ፣ ይሄን ጥያቄ ነበር ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብን።

የጥንቸል ሲቃ ማንንም የተራበ ይጠራል። ሲጠራ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልምድ የሌለው ወጣት፣ መንገደኛ ካዮቲ ነው። ፍየል የሚበላው ግን እሱ ላይሆን ይችላል። ካሊፎርኒያ፣ ሆፕላንድ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ካዮቲዎችን በሬዲዮ ማሰሪያ ተከታትለው ያገኙት ይህንኑ ነው። በጎቹን በብዛት የሚገድሉት ግጦሹ ግዛታቸው ውስጥ የሚገባ፣ የሚዋለዱ ባልና ሚስት ካዮቲዎች ነበሩ። እነሱ ሲወገዱ በዚያ ግዛት ጥቃቱ ለወራት ቀነሰ። ሌላው ሌላው ቢገደል ለውጥ የለም። በጅምላ እንጨርሳቸው የሚል ካለ ደግሞ ኮኖሊና ሎንግኸርስት የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1975 (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን ስሌት ይመልከት። በየዓመቱ ከመቶ 75ቱ ቢገደሉ እንኳ ዘራቸውን ለማጥፋት ከ50 ዓመት በላይ ይፈጃል። የጋሼ ዕድሜ አይበቃም፣ የእኔም እንጃ።

ስለዚህ ለጋሼ የሚያስፈልጋቸው ባለቤቱን የሚያስቆጣ ድምፅ ነው። የእንግዳ ካዮቲ ማላዘን። «ማነው ግዛቴ ውስጥ?» ብሎ የሚመጣው ባለግዛቱ ነው። የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ ትዝ አላችሁ? ማሽኑ የዚያን ጅብ ሥራ ነው የሚሠራው። ለዚህ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ይጠይቃል፤ ምርጫው ከጥያቄው ተነሥቶ ራሱ መጣ ማለት ነው።

ጊዜውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ካዮቲዎች የሚዳሩት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ግዛታቸውን አጥብቀው የሚጠብቁት ያኔ ስለሆነ ለማላዘን መልስ ይሰጣሉ። ቡችሎቹ የሚወለዱት በሚያዝያ ገደማ ነው። ወላጆቹ ግልገል ላይ የሚበረቱትም ያኔ፣ ለቡችሎቹ ሲቀልቡ ነው። እዚህ ላይ ከብዙ አዳኞች ጋር አልስማማም። በግንቦት የቡችላ ልቅሶ ከፍታችሁ እናትየዋን ጠርታችሁ ስትገድሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ አምስት ስድስት ቡችላ በረሃብ እንዲያልቅ ፈረዳችሁ። ቴክሳስ ላይ ካዮቲ ማደን የሚከለከልበት ወቅት የለም፤ ሕጉ አይጠይቃችሁም። ሕጉ ባይጠይቅም እኔ ያንን ቁልፍ በዚያ ወር አልጫንም። በጥር የሚያደርጉትን በጥር ያድርጉ። (በነገራችን ላይ ከካዮቲ ውጭ ላለው ሕጉ ይጠይቃችኋል፤ ለምሳሌ ዳክዬ በተቀዳ ድምፅ መጥራት በፌደራል ደረጃ ክልክል ነው። ከቴክሳስ ውጭ ያላችሁ የግዛታችሁን የአደን ደንብ መጽሐፍ ሳታነቡ ሳጥኑን አትክፈቱ።)

ከሁሉ በፊት ደግሞ ሌባው ማን መሆኑ ይጣራ። ካዮቲ አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ይይዛል። የኋላ እግሩ የተዘነጣጠለ፣ ጆሮው የተበላሸ፣ ሦስት አራት ፍየል ቆስሎ ምንም ያልተበላ ከሆነ የጎረቤት ውሻ ነው የምጠረጥረው። ለጎረቤት ውሻ የሚሸጥ መጥሪያ የለም፤ ጎረቤትን ማነጋገር ነው። የጋሼ ግልገሎች ጉሮሯቸው ላይ ነበር የተነከሱት፤ ፎቶውን አሳይተውኛል።

«እኛ አገር ጅብ ሳይጠራ ነበር የሚመጣው» አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው፣ ግን አሁን እዚያም ይጠራል። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች ጅብ የቆጠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ማታ ስፒከር ተክለው የተቀዳ ድምፅ እየለቀቁ፣ የመጣውን ይቆጥራሉ። ጠመንጃ የለም። እንዲህ ዓይነት ቆጠራ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ግን ከእኛ ጋር አንድ ነው። ያው ድምፅ ያው ቦታ ላይ ከተደጋገመ እንስሳው ይለምደውና መምጣቱን ይተዋል። ይህንን ለጋሼ በተለይ አስጠንቅቄያቸዋለሁ፣ ምክንያቱም አውቃቸዋለሁ፤ አዲስ ዕቃ ሲገዙ በየማታው ነው የሚነካኩት።

ሌላም ነገር ነግሬያቸዋለሁ፤ ብዙም አልወደዱትም። ባለ 600 ዶላሩን ትተው መካከለኛውን ከገዙ በኋላ የሚተርፈውን ገንዘብ ለውሻ ያስቀምጡት። ግሬት ፒሬኒስ ወይም አናቶሊያን የሚባለው የበግ ጠባቂ ዘር ከፍየሎቹ ጋር ካደገ በየሌሊቱ ይጠብቃል። ማሽኑ የሚሠራው ጋሼ ቁጥቋጦ ሥር ብርድ ላይ በተቀመጡ ሰዓት ብቻ ነው። የ67 ዓመት ሰው ስንት ሌሊት ይቀመጣል?

ትናንት ደወሉልኝ። ማሽኑ መጥቷል። መካከለኛው ነው፣ ድምፁ ስንት እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም። ግን ጋራዥ ውስጥ ሲሞክሩ የጥንቸሉን ሲቃ ከፍ አድርገው ለቀውት፣ እትዬ ሕፃን ልጅ የሚያለቅስ መስሏቸው በባዶ እግራቸው ወደ ደጅ ወጡ። እውነት ለመናገር ያ ድምፅ ከሕፃን ልቅሶ አይለይም፤ እኔም እስካሁን አልለመድኩትም። እትዬ ምን እንደሆነ ሲያውቁ «ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም» ብለዋል። አሁን ማሽኑ የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አብረን እንወጣለን። ጋሼ ቡና በቴርሞስ ይይዛሉ፣ ሪሞቱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው ብያለሁ። ስለ ውሻውም ጠይቀውኛል፤ «ቡችላው ስንት ነው? ስንት ይበላል?»