ጥቂትም ብትሆን ሳትቋረጥ



ውድ አንባብያን! በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት የሚታይ ነው። ወጣቱ አንድ ቀን ይነሳና «ከነገ ጀምሮ በየማለዳው እሮጣለሁ» ይላል። ጫማ ይገዛል፤ ለጓደኞቹም ይናገራል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሶ ሳይተኛ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዝናብ ይሆናል፤ ሌላ ቀን እግሩን ያመዋል። በሦስተኛው ሳምንት ጫማው በር ሥር አቧራ ለብሶ ይገኛል። እናቱ «ልጄ፣ ሩጫው የት ደረሰ?» ስትለው ይሸማቀቃል። ቁርኣን ለመሐፈዝ፣ ቋንቋ ለመማር ወይም ገንዘብ ለመቆጠብ የተነሳውም ሰው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው ሦስት አራት ጊዜ ጀምሮ ሲተው ስለ ራሱ መጥፎ እምነት ይይዛል። «እኔ የጀመርኩትን የምጨርስ ሰው አይደለሁም» ይላል። ይህ እምነት ከሩጫው ተነስቶ ወደ ትምህርቱና ወደ ሥራው ይገባል። ስለዚህ ለምን እንደምንተው ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ምክንያት አጀማመራችን ነው። አብዛኞቻችን በመጀመሪያው ቀን ባለን ኃይል ሁሉ እንሮጣለን። ያልለመደ ጡንቻ ደግሞ ሕመሙ የሚበረታበት በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። በተጨማሪም ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲለምዱ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ የተስተካከለለት ወጣት «አሁን ለመድኩ» ብሎ ሩጫውን በእጥፍ ሲጨምር ቅልጥሙን ወይም ጉልበቱን የሚታመመው ለዚህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም?

በዚህ ረገድ ከሰሐቦች መካከል በእግሩ ፍጥነት የታወቀውን ሰለማ ኢብኑል አክወዕን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደተነገረው፣ ከዘመቻ ሲመለሱ ሩጫ ተቀድሞ የማያውቅ አንድ የአንሷር ሰው እስከ መዲና የሚወዳደረው ፈለገ። ሰለማ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቃድ ጠይቆ ከግመሉ ወረደና ሮጠ። ነገር ግን ወዲያው ለመቅደም አልተጣደፈም። ትንፋሹን ለመቆጠብ አንድ ሁለት ጉብታ እስኪያልፉ ራሱን ገታ፤ ከዚያ በኋላ ደርሶበት ቀደመው። ዛሬ አሠልጣኞች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ከዚህ አይርቅም። እየሮጥህ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር መነጋገር ካቃተህ ፍጥነትህ በዝቷልና ቀንስ ይላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ግባችን ሩቅ ብቻ መሆኑ ነው። «በታላቁ ሩጫ እሳተፋለሁ» ማለት መልካም ግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ይህ የአዲስ አበባ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ብዙ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል። ይሁንና የውድድሩ ቀን ስድስት ወር ሲቀረው ለዛሬ ጠዋት ከብርድ ልብስ የሚያወጣ ጉልበት አይሰጥም። ዛሬ የሚያስፈልገው የዛሬ ግብ ነው፤ ለምሳሌ ሃያ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ እየሮጡ ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጣን እርምጃም ከዚህ ይቆጠራል። በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ የተራመደች እናት ዝቅተኛውን ልክ አሟልታለች ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት አንድ ቀን መቅረትን እንደ ሽንፈት መቁጠራችን ነው። ማክሰኞ ያልሮጠ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ረቡዕንና ሐሙስንም ይተዋል። እውነተኞቹ ሯጮች ግን እንዲህ አያስቡም።

ምሩፅ ይፍጠርን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ፤ 5 ሺህ ሜትሩን ግን ሳይሮጥ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ሞንትሪያል ሲሄድ ከአፓርታይድ ጋር በተያያዘ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ትተው ወጡ። ምሩፅ ሌላ አራት ዓመት ጠበቀ። በ1980 በሞስኮ በሁለቱም ርቀቶች ወርቅ አገኘ። በ10 ሺህ ሜትሩ አብሮት የሮጠው መሐመድ ከድርም ነሐስ ወሰደ። ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው መነሳት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እያንዳንዳችን እናስበው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ አዳማ የተወለደችውን እህታችንን ሲፈን ሐሰንን እናገኛለን። በልጅነቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድ ገባች፤ በኋላም ለዚያች አገር ሮጠች። በ2021 በቶኪዮ በ1,500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ሲጀምር ወደቀች። ተነስታ ሁሉንም አልፋ አንደኛ ወጣች፤ በዚያው ዕለት ማታም የ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች። በ2023 የለንደን ማራቶንን ስትሮጥ ለርቀቱ የመጀመሪያዋ ነበር። ከልምምዷ ከፊሉ በረመዷን እየጾመች ያደረገችው ሲሆን ውድድሩም ከዒድ አልፈጥር በኋላ በቀናት ውስጥ ነበር። በመንገድ ላይ ሕመም ቢያስቆማትና ወደ ኋላ ብትቀርም ደርሳ አሸነፈች። በ2024 በፓሪስም ሁለት ነሐስ ካገኘች በኋላ ማራቶኑን በወርቅ ፈጸመች።

እነዚህ ሰዎች የተለየ ተሰጥዎ አላቸው፤ አይካድም። ከእነሱ የምንወስደው ግን ፍጥነታቸውን ሳይሆን ከወደቁ በኋላ መነሳታቸውን ነው። ይህ ለሁላችንም ይቻላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ይህን መመሪያ ወደ ሩጫችንም ብናመጣው ምክራችን የሚከተለው ይሆናል።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር እሰሩት። ሱብሒ ሰግዶ ለሚወጣ ሰው አዲስ ሰዓት መፈለግ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጀምሩ፤ በመካከሉ ዕረፍት ይኑር። ሦስተኛ፣ በደብተር ላይ ቀኑንና ደቂቃውን ብቻ ጻፉ። ከወር በኋላ ያ ገጽ ራሱ ይገፋችኋል። አራተኛ፣ አንድ ቀን ከቀራችሁ የሚቀጥለውን አታሳልፉ፤ ያለፈውን ለማካካስ ግን እጥፍ አትሩጡ። አምስተኛ፣ በረመዷን መጠኑን ቀንሱ። ከኢፍጣር በፊት አጭርና ቀላል እርምጃ፣ ወይም ከኢፍጣር በኋላ ሆድ ሲቀል ማድረግ ይቻላል። የስኳር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ግን በረመዷንም ሆነ በሌላ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ወንድ ልጁ ሲሮጥ ደስ የሚለው አባት ሴት ልጁ ስትጠይቅ ፊቱን ሲያዞር እናያለን። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በጉዞ ላይ ሮጠው መጀመሪያ እሷ እንደቀደመች፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እሳቸው እንደቀደሟት በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። የባሕሬኗ ሩቃያ አልገስራም ሒጃቧን ለብሳ በ2004 እና በ2008 ኦሊምፒክ ሮጣለች፤ በ2006 በዶሐ በእስያ ጨዋታዎች በ200 ሜትር ወርቅ አግኝታለች። ልጃችሁ ጎህ ከቀደደ በኋላ ከወንድሟ፣ ከእናቷ ወይም ከጓደኞቿ ጋር ብትወጣ ጤናዋም ደህንነቷም ይጠበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ብቻውን የሚከብደው ልማድ በቤተሰብ ይቀላል። «የት ደረሰ ሩጫው?» ከማለት ይልቅ «ነገ አብሬህ ልውጣ?» ማለት ይበልጥ ያግዛል።

እንግዲህ ጫማው አቧራ የለበሰበት ወንድማችን፣ ደብተሯን የዘጋችው እህታችን፣ ዛሬ አራግፉት፤ ዛሬ ክፈቱት። ነገ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ብቻ በቂ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የጀመርነውን መልካም ነገር በጽናት የምንፈጽም ያድርገን። አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።